ስለ ሞርና ዳርቻና ስለተሣለልኝ የዋና ልብስ

ለተከበሩ የደሴታችን ከንቲባ ለክቡር ያክሻ ሉቺን፣
ማዘጋጃ ቤት፦

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። በዚህ በነሐሴ ሐሩር ኮት ደርበው፣ ከረባት አስረው፣ መስኮቱ በማይከፈት ቢሮ ውስጥ ስለ እኛ ስለ ራቁቶቹ ሲያስቡ የሚውሉ ሰው ስለሆኑ፣ ከሁላችንም ይልቅ ጤና የሚያስፈልገው ለእርስዎ ነው ብዬ አምናለሁ። እኔ፣ ባሕራችን ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ስሜ ዶብሪላ ነው፤ የሰርዲን ፋብሪካው እስኪዘጋ ድረስ ቆርቆሮ ስሞላ የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ።

ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ሞርና ከኋላው ገደል፣ ከፊቱ ውሃ ነው። መንገድ የለውም፤ የሚያደርሰን የሽማግሌው ባሕረኛ የባርባ ፕሮስፐር ጀልባ ብቻ ነው። እዚያ የፈለገ ይለብሳል፣ የፈለገ ያወልቃል፤ በእናቶቻችን ጊዜም እንዲሁ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ማዘጋጃ ቤቱ አንዲት የቆሻሻ ቅርጫት እንኳ ልኮልን ስለማያውቅ ቆሻሻችንን ተሸክመን እንመለስ ነበር። ዘንድሮ ግን በአንድ በጋ ውስጥ ሦስት ጊዜ አስታወሱን። ውለታዎ ተደበላልቆ እንዳይጠፋብኝ በተራ ቁጥር አመሰግናለሁ።

1ኛ. ስለላኩልን የጉብኝት ጀልባ። እኛ ዘንድ ማንኛውም ጀልባ አለቱን ከመዞሩ በፊት ጡሩምባ ይነፋል፤ መሸፈን የሚፈልግ ይሸፈናል፣ ከዚያ ሞተሩ ጠፍቶ ቀስ ተብሎ ይገባል። ይህን ባርባ ፕሮስፐር ከአባቱ፣ አባቱም ከአባቱ የተማሩት ነው። የእርስዎ ጀልባ ግን ሳይነፋ፣ ሩቅ የሚያቀርብ መነጽር የያዙ ሠላሳ የለበሱ ሰዎችን ጭኖ ድንገት ከተፍ ይላል። ድምፅ ማጉያ የያዘችውም ልጅ “ክቡራትና ክቡራን፣ በስተግራችሁ ያልተበረዘውን የደሴቲቱን ሕይወት ትመለከታላችሁ” ትላለች። ያልተበረዘው ሕይወት እኔ ነበርኩ፤ በለስ እየበላሁ ነበር።

የባሌ እህት ቪንካ ትዕግሥት የላትም። ብድግ አለችና “እናንተ! ሰው ፊት ልብስ ለብሳችሁ ስትቆሙ ትንሽ አታፍሩም?” ብላ ጮኸችባቸው። ባርባ ፕሮስፐር ደግሞ ልጅቱን አወቋት። “አንቺ የኔ ልጅ፣ የኢቫንካ ልጅ አይደለሽ እንዴ? እናትሽ እኮ እዚሁ ነው ዋና የተማረችው! ይልቅ ውረጂና ሐብሐብ ብዪ!” አሏት። ልጅቱም ማጉያውን ከአፏ ማራቅ ረስታ “ባርባ፣ በናትዎ፣ ሥራ ላይ ነኝ!” ስትል መላው ባሕር ሰማት። ቱሪስቶቹ አጨበጨቡ። የማዘጋጃ ቤቱ ዝግጅት አካል መስሏቸው ይሆናል።

2ኛ. ስለ አዲሱ መታወቂያ። ደንቡ ራቁቱን የሚሆን ሰው ሁሉ የፈቃድ መታወቂያውን “በልብሱ ላይ፣ በግራ ደረቱ በኩል፣ በግልጽ ሰክቶ” እንዲገኝ ያዝዛል። ይህን ያረቀቀውን ሰው ባገኘው እጁን ስሜ በክብር ወደ ጥላ እወስደው ነበር፤ ፀሐይ ሳይመታው አልቀረም። ቪንካ የሷን ባርኔጣዋ ላይ ሰካች። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪዎ ፍራኔ፣ ቦት ጫማውን እንዳጠለቀ ላቡ እየተንጠፈጠፈ፣ “እመቤት፣ ደንቡ ደረት ነው የሚለው” አላት። “እንግዲያው መርፌውን ያዝና አንተ ሰካው፤ ደረቴ ይኸውልህ” አለችው። ምስኪኑ ፍራኔ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ እስከ ጉልበቱ ባሕር ውስጥ ገባ። ደግ ልጅ ነው፤ እባክዎ አይቅጡት።

3ኛ. ስለ ፖስተሩ። እዚህ ላይ ምስጋናዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በካንሰር ምክንያት የግራ ጡቴን ቆርጠው አወጡት። ከዚያ በኋላ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት አወረድኩት። ባሌ በገዛ መኝታ ቤቱ ሳያንኳኳ መግባት ተወ፤ እኔ ነኝ ያስተውኩት። ባሕር የሚባል ነገር ረሳሁ። በመጨረሻ ቪንካ “ተነሽ፣ ሞተሽ ሳትቀበሪ አታስቀምጪኝ” ብላ እጄን እየጎተተች የባርባ ፕሮስፐር ጀልባ ላይ ጣለችኝ። ሞርና ስደርስ እስከ አንገቴ የተቆለፈ ጥቁር ሸሚዝ ለብሼ ነበር። ማንም ለምን አላለኝም። አንድ እግሩ የሌለው ሰውዬ፣ ሆዱ ከላይ እስከ ታች የተሰፋ ሌላ ሰውዬና የዳቦ ቤቱ ባለቤት ካርታ ይጫወቱ ነበር። ሙቀቱ ሲያይልብኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሸሚዙን አወለቅሁት። ባለ አንድ እግሩ ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና “ካርታ ትችያለሽ? አራተኛ ሰው ጎድሎን ነው” አለኝ። የዚያን ቀን እንደ ሕፃን ዋኘሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ፤ ደስ ብሎኝ ነው።

እንግዲህ ይህንን ሥፍራ ነው ክቡርነትዎ ከጉብኝት ጀልባው ላይ ፎቶ አስነስተው፣ ቤት የሚያህል ፖስተር አሠርተው መርከቡ ከሚቆምበት ወደብ ላይ የሰቀሉት። ራቁት ሰው ለሕዝብ አይታይም ተብሎ ሁላችንንም በኮምፒውተር የዋና ልብስ አልብሳችሁናል። የኔው ሰማያዊ ነው። በሁለቱም በኩል ሞልቷል። ሐኪሞቹ ያልቻሉትን ማዘጋጃ ቤቱ ቻለው። ለባለ አንድ እግሩም ሁለተኛ እግር ተሥሎለታል፤ አሁን ከአንደኛው ይረዝማል።

መጀመሪያ ሳየው ስቄ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን አንዲት ወጣት ሴት ራሷን በሻሽ ሸፍና ከመርከብ ወርዳ ባርባ ፕሮስፐርን “ሞርና የሚሄደው ጀልባ የእርስዎ ነው?” ብላ ጠየቀቻቸው።

“አዎ ልጄ፣ ግቢ” አሏት።

“ስፕሊት ከተማ ሆስፒታል አብራኝ የተኛች ሴት ነች የነገረችኝ። እንደኔ ያለ ሰው እዛ አያፍርም አለችኝ” አለች። ከዚያ ፖስተሩን አየች፤ ብዙ ቆማ አየችው። “እነዚህማ ሙሉ ሰዎች ናቸው። ተሳስታ ነው የነገረችኝ” አለች።

“ልጄ፣ እሱ እኮ ሥዕል ነው! ኧረ ነይ!” ብለው ተከተሏት፤ እሷ ግን በመጣችበት መርከብ ተመለሰች። ባርባ ፕሮስፐር በሕይወታቸው ድምፃቸውን ቀንሰው አያውቁም። ማታ ቤቴ መጥተው በሹክሹክታ “ዶብሪላ፣ አንቺን አይታ ነው የተመለሰችው” አሉኝ።

ክቡርነትዎ፣ ተናድጃለሁ። ይህን በጨዋ ቋንቋ የምልበት መንገድ ብፈልግ አጣሁ።

ስለዚህ ጀልባውንም መታወቂያውንም ትቼ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ያን የዋና ልብስ አውልቁልኝ። ፎቶዬ እንደተነሣው፣ ጠባሳዬ ሳይደበዝዝ፣ በዚያው ስፋት በዚያው ወደብ ላይ ይሰቀል። ፈቃዴን በዚህ ደብዳቤ ሰጥቻለሁ። መስታወት ከቤቷ ያወረደች ሴት ይህን መስመር ሦስት ጊዜ ሰርዛ ነው የጻፈችው። ነገር ግን ያቺ ልጅ ምናልባት እንደገና ትመጣ ይሆናል፤ ስትመጣ እኔን ማግኘት አለባት።

ያለኝን የክት ልብስ ለብሼ፣ እስከ ላይኛው ቁልፍ ቆልፌ፣ ለክቡር ቢሮዎ በሚገባው ሙሉ ትሕትና ይህን የጻፍኩ፣

ታዛዥዎ ዶብሪላ

ግልባጭ፦
ለዳቦ ቤቱ በር
ለባርባ ፕሮስፐር ጀልባ

ማስታወሻ፦ በፖስተሩ ጥግ ላይ ፈገግ ያሉበትን የክቡርነትዎን ፎቶ አየሁት። ጥቅጥቅ ያለ ጸጉር አለው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከኋላዎ ተቀምጬ ስለነበር፣ የሠራልዎ የኔው ሠዓሊ መሆኑን ገምቻለሁ። የኔን ሲያወልቅ የእርስዎንም አብሮ ቢያወልቅ አንድ ሥራ ነው።