ዘይት ነው የተባለው ሂተር

ማክሰኞ፣ ሰኔ 30 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሮዘተንቪል

ዛሬ አከራያችንን ሐጂን በሆዴ ያልሰደብኩት ስድብ የለም። በአፌ ግን «እሺ ሐጂ» ብቻ ነው ያልኩት።

ወንድሜ ከድር ኮሮና ይዞት ጓሮ የቆመ፣ በመኪና የሚጎተት አሮጌ የካራቫን ቤት ውስጥ ከገባ ስድስት ቀኑ ነው። እዚህ አገር ሰኔ ብርዱ የሚበረታበት ወር ነው፤ የካራቫኑ ማሞቂያ ደግሞ የጋዝ ነው። ሲያበራው ራሱን ያመዋል፤ አየር እንዲገባ መስኮት ሲከፍት ደግሞ ሙቀቱ ይወጣል። «እቴ፣ መስኮት ከፍቼ ምኑን ነው የማሞቀው? ጓሮውን?» ይለኛል በስልክ፣ እያሳለ። ስለዚህ ጠዋት የኤሌክትሪክ ሂተር ገዛሁ፤ ገመዱን በወጥ ቤቱ መስኮት አሳልፌ ሰካሁለት።

ሐጂ መጥተው ነቀሉት። ካርቶኑ ላይ «ኦይል ሂተር» የሚለውን አንብበው ነዋ! «ዘይት በኤሌክትሪክ? ቤቴን ልታቃጥዪው ነው?» ዘይቱ ውስጡ የታሸገ ነው፣ አይፈስም፣ እሳትም የለውም ብል ማን ይስማኝ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ዘይት ስለሸጡ፣ ዘይት ሁሉ መጥበሻ ላይ ያለ ይመስላቸዋል። እሳት የሚነድበት ጋዝ ከታመመ ሰው ጋር ተዘግቶበት ቢውል ግን ምንም አይመስላቸውም!

ከሰዓት በኋላ ካርቶኑን ጣልኩት። ያንኑ ሂተር ወልወል አድርጌ ይዤላቸው ሄድኩና «ለወጥኩት ሐጂ፣ ይሄኛው የውሃ ነው» አልኳቸው።

ማስካቸውን ዝቅ አድርገው አገላብጠው አዩት። «እንዲህ አይሻልም? ውሃ ምን ይጎዳል!» አሉና በገዛ እጃቸው ሰኩት።

ውሃ ከኤሌክትሪክ ጋር!

ከድር ሞቆት ተኝቷል። የእኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም።