የሳምባ ከበሮ ቡድናችንን የስም ዝርዝር በትጋት ለተረከቡን ሊቀመንበር

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16 ቀን 2025
ሎስ አንጀለስ

ለተከበሩ አቶ አሳምነው
የኅብረት አዳራሽ አስተዳደር ቦርድ ሊቀመንበር
ፌርፋክስ አቬኑ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ባለፈው ወር በአዳራሹ በር ላይ ያስተከሏቸው ሦስት ካሜራዎችም በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ግን ደህና ነኝ ለማለት ያስቸግረኛል። ከመቀጠሌ በፊት መናገር ያለብኝ ነገር አለ፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ። የከበሮ ቡድናችንን የስም ዝርዝር ሞልቼ የሰጠሁዎት እኔ ነኝ። ይህን እርስዎ ያውቃሉ። ሌላ ሰው እስከ ዛሬ አያውቅም።

ቤተል እባላለሁ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ከኋላ፣ ከግድግዳው ተጠግታ የምትቆመው ልጅ ነኝ። አንድ ጊዜ ሰላም ብለውኝ መልሴ ስላልተሰማዎት እናቴን «ይቺ ልጅ አትናገርም እንዴ?» ብለው ጠይቀዋታል። ስለ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ።

ስለ ጩኸት ቅሬታ በሩ ላይ በለጠፉት ማስታወቂያ ቡድናችንን «ማንነታቸው በውል ያልታወቀ ግለሰቦች ስብስብ» ብለውታል። ሰባት ዓመት ሙሉ የአዳራሹን ቁልፍ በእጅዎ ሲሰጡን ኖረው ሳያውቁን መቅረትዎ ስላሳዘነኝ፣ ታሪካችንን በአጭሩ ልንገርዎ።

ቡድኑ የተጀመረው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ዌስትቼስተር ውስጥ፣ በአንድ የኤርፖርት ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። ጋሼ ደመቀ የሆቴሉን ሻትል ይነዱ ነበር። ሉርዴስ የምትባል ብራዚላዊት ደግሞ አንሶላ ታጥፍ ነበር። ማሽኑ እስኪጨርስ ድረስ ሉርዴስ ባዶ የሳሙና በርሜል ገልብጣ ሳምባ የሚባለውን የአገሯን የጭፈራ ምት ትመታለች። አንድ ቀን ጋሼ ደመቀ ይህን ቆመው ሲሰሙ ተሳፋሪዎቻቸውን ረሱ። አለቃቸው ተቆጣቸው። በማግስቱ የራሳቸውን በርሜል ይዘው መጡ።

ቀጥሎ የመጡት እትዬ ወርቅውሃ ናቸው። ሚድ ዊልሻየር ውስጥ አረጋውያን ይንከባከባሉ፤ የወንጌል አማኝ ናቸው። የመጀመሪያ ቀን በር ላይ ቆመው «ይሄ ነገር ዓለማዊ ነው አይደል?» ብለው ሲጠይቁ፣ ጋሼ ደመቀ «እትዬ፣ የሳሙና በርሜል ነው፤ ከዚህ የጸዳ ነገር ከየት ይመጣል?» አሏቸው። እትዬ ወርቅውሃ ለመሳቅ ቁጭ አሉ፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሱም። ሉርዴስንም እትዬ ሊሏት ሞክረው ነበር፤ ትርጉሙ ሲነገራት «አረጀሽ እያላችሁኝ ነው?» ብላ ስላኮረፈች በስሟ ብቻ እንጠራታለን። በኋላ አንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክፍሉን ሲዘጋ እውነተኛ ከበሮዎች ሰጠን፤ ሰዉም በዛ። ሾፌሮች፣ የሆቴልና የሆስፒታል ሠራተኞች፣ ሐበሾች፣ ሜክሲኮዎች፣ ሁለት ብራዚላውያን ሆነን ሃያ ሦስት ደረስን።

በሳምባ ውስጥ ሱርዶ የሚባሉ ሁለት ትልልቅ ከበሮዎች አሉ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ይመልሳል። እናቴ «እባክሽ ሰው ልመጂ» ብላ ስትወስደኝ ሉርዴስ መላሹ ላይ አቆመችኝ። እሷ አማርኛ አታውቅም፣ እኔ ፖርቹጋልኛ አላውቅም፣ እንግሊዝኛ ስንናገር ደግሞ ሁለታችንም እናፍራለን፤ ስለዚህ ተናገሪ የሚለኝ አልነበረም። እንደዚያ የተመቸኝ ቦታ የለም። ጋሼ ደመቀ አምና ጉልበታቸውን ታመው ሲቀሩ፣ ማን እንደ መጣና እንደ ቀረ የሚጻፍበትን ደብተር ለእኔ ሰጡኝ። «ጽሕፈትሽ ያምራል፤ ደግሞ ወሬ አታወጪም» አሉኝ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ። ክቡርነትዎ ነገርን በቁጥር ስለሚወዱ በቁጥር አደርገዋለሁ።

1. ኦገስት ላይ ጠርተው አንድ ፎርም ሰጡኝ። «ለኢንሹራንስ ነው ቤቲዬ፤ ለእናንተው ሴፍቲ» አሉኝ። ሙሉ ስም፣ አድራሻ፣ የሥራ ቦታ፣ የትውልድ አገር፣ በመጨረሻም «ተጨማሪ ማስታወሻ» ይላል። እንደሚያስታውሱት፣ በዲቪ የመጣን ጊዜ የቤተሰባችንን ወረቀት ሁሉ የሞሉልን እርስዎ ነዎት። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ከጎንዎ ተቀምጬ አይ ነበር። «ባዶ ቦታ ያለበት ፎርም ይመለሳል፤ ባዶ ከተውሽ የምትደብቂው አለ ይሉሻል» ብለው አስተማሩን። ቤታችን ውስጥ ይህ እንደ ሕግ ነው። እናቴ ጥርስ ሐኪም ቤት እንኳ «አይመለከተኝም» ብላ ትጽፋለች እንጂ መስመር አትዘልም። እኔም አልዘለልኩም። ለሁሉም ማስታወሻ ፈለግሁላቸው፤ አንዱን «ስኳር አለበት»፣ አንዷን «ከሥራ ስለምትመጣ ታረፍዳለች» አልኩ። ሉርዴስ ጋ ስደርስ የምጽፈው ጠፋኝ። አንድ ቀን በር ስንቆልፍ የነገረችኝ ትዝ አለኝና «የመኖሪያ ወረቀቷ ገና አላለቀም» ብዬ ጻፍኩ። ገጹ ሞላ። ደስ አለኝ። ስለ ትምህርትዎ አመሰግናለሁ።

2. ፎርሙን ፎቶ አንስቼ በኢሜይል ስልክልዎ በአሥር ደቂቃ ውስጥ «ጎበዝ፣ ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፌዋለሁ» ብለው መለሱልኝ። የተሰበረውን የመጸዳጃ ቤት በር እንዲያሠሩልን ሰባት ወር ለለመንን ሰዎች ይህ ፍጥነት ትልቅ ክብር ነው። የሚመለከተው ክፍል ማን እንደ ሆነ ሁለት ጊዜ ጽፌ ጠይቄዎታለሁ። ሥራ በዝቶብዎት ይሆናል።

3. ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ፣ መስኮቷ የጠቆረ ነጭ መኪና ከአዳራሹ ፊት ለፊት ፓርክ አደረገች። ሞተሯን አላጠፋችም። ልምምዳችን እስኪያልቅ ቆመች። ሙቀት ስለነበር እትዬ ወርቅውሃ «እነዚህ ሰዎች በውሃ ጥም ይሞታሉ» ብለው ሁለት ጠርሙስ ውሃ ይዘውላቸው ወጡ። መስኮቱ አልወረደም። ውሃውን መኪናዋ አፍንጫ ላይ አስቀምጠውላቸው ተመለሱ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣች። በሦስተኛው ቅዳሜ አልነበረችም፤ ሉርዴስም አልነበረችም።

ከዚያ ቅዳሜ በፊት በነበረው ሐሙስ ማለዳ ከቤቷ ፊት ለፊት አውቶቡስ ስትጠብቅ ወስደዋታል። ያየች ጎረቤቷ እንደ ነገረችን ሰዎቹ ልብሳቸው ላይ ምንም አልተጻፈም። በሙሉ ስሟ ጠሯት፤ በአምስቱም ስሞቿ፣ የእናቷንም የአባቷንም ቤተሰብ ጨምረው። ሉርዴስን እንደዚያ የሚጠራት ሰው የለም። አምስቱ ስሞች ባንድነት ተጽፈው ያየሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ጽሕፈቱም የእኔ ነው።

አሁን በረሃ ውስጥ ባለ የስደተኞች ማቆያ ናት። የሚመጣው ሳምንት ረቡዕ ዳኛ ፊት ትቀርባለች። ልጇ በቡድናችን ቻት ላይ የጠበቃውን አድራሻ ልካ «እናቴን እንዴት እንዳገኟት የሚያውቅ ካለ እባካችሁ ይናገር፤ ጠበቃው ይጠቅማታል ብሏል» ብላ ጻፈች። ሃያ አንድ ሰው የተሰበረ ልብ ምልክት አደረገ። እኔም አደረግሁ።

4. አራተኛው አጭር ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ሆነን ቆምን። ጠያቂውን ሱርዶ የሚመታው ሰው ስላልመጣ መልሱን ብቻዬን መታሁ። የጩኸቱ ቅሬታ ስለተፈታልዎ እንኳን ደስ አለዎ።

5. ሰኞ ዕለት መልእክትዎ ደረሰኝ። «ቤቲዬ፣ ሊስቱን አፕዴት አድርጊና ዓርብ ቦርዱ ሲሰበሰብ ይዘሽ ነይ። የቀሩት ሰዎች ቤት ቀይረው ከሆነ አዲሱን አድራሻ ጨምሪ፣ ኦኬ?» ይላል። የቀሩት ሰዎች የት እንዳሉ አውቃለሁ፣ ክቡር ሆይ። ዝም ስለምል ሁሉም ይነግሩኛል። አንዷ ልጇን ትምህርት ቤት ማድረስ አቁማለች። አንዱ የሚያድረው መኪናው ውስጥ ነው፤ መኪናውንም በየቀኑ ሌላ መንገድ ላይ ያቆማል። ደብተሩን ከቤት አውጥቼዋለሁ፤ የት እንዳለ እናቴም አታውቅም።

ክፉ ሰው ነዎት ብዬ አልጽፍም። ኤርፖርት የተቀበሉን፣ የእናቴን ሻንጣ የተሸከሙልን እርስዎ ነዎት። ምናልባት እርስዎንም የሚጠይቅዎ ሰው ይኖራል፤ ምናልባት እርስዎም በአሥር ደቂቃ የሚመልሱለት ስለሚፈሩት ይሆናል። ይህን ሳስብ ግን ፍርሃቴ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

በዚህ ደብዳቤ ላይ የጻፍኳቸው የቡድናችን ሰዎች ስሞች የፈቀዱት ብቻ ናቸው፤ የሉርዴስን የፈቀደችልኝ ልጇ ናት። እትዬ ወርቅውሃ የቡድኑን ታሪክ የምጽፍ መስሏቸው «እኔ ሲቲዝን ነኝ፤ ጻፊኝ፣ ጎበዝ መቺ እንደ ነበርኩም ጨምሪበት» ብለውኛል። ጎበዝ መቺ ናቸው። ነገ ጠዋት ይህ ደብዳቤ ቅመም ከምንገዛበት ሱቅ ሰሌዳ ላይ፣ በክፍል ኪራይና በሐዘን ማስታወቂያዎች መካከል ይለጠፋል፤ እሳቸውም እንደ ሌላው ሰው እዚያው ያነቡታል። ከዚያ በኋላ ሰላም ይሉኝ እንደ ሆነ አላውቅም።

በር የሚጠብቁ ዓይኖችዎን፣ ፈጥኖ የሚመልሰውን እጅዎን፣ ስም መርሳት የማያውቀውን አእምሮዎን ፈጣሪ በዕድሜና በጤና እንዲጠብቅልዎ እየተመኘሁ፣ ስላደረጉልን ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ታዛዥዎ የነበረችው
ቤተል ማቲያስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ወደ ስብሰባዎ ስለማልመጣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከትምህርት ቤት ስወጣ በባቡር ወደ ሳንታ ሞኒካ እሄዳለሁ፤ የሉርዴስ ጠበቃ ቢሮ እዚያ ነው። ፎርሙንም የኢሜይል መልስዎንም አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ አስገብቻለሁ። መጀመሪያ «የጻፍኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ዛሬ መስታወት ፊት ቆሜ ስለማመዳት ዋልኩ፤ አሁንም እመሃሏ ላይ ስደርስ ድምፄ ይጠፋል። ቀጥሎ «ለማን ሰጠሽው?» ብሎ ይጠይቀኛል። ለዚያ ልምምድ አላስፈለገኝም። ስምዎን ከነማዕረግዎ እጠራለታለሁ።