የጌታው ፊርማ

ጥቅምት 4

ዛሬም ያው። ሱሪ ማሳጠር፣ ዚፕ መቀየር። አንዷ ወይዘሮ መጥታ "ቀሚሴ ታጥቦ ተኮማተረብኝ" አለች። ተኮማተረ? ጨርቁን አውቀዋለሁ፣ እሳት ቢገባም አይኮማተርም። ጎኑን ፈትቼ ሰፋ አደረግኩላት።

ከሰዓት እትዬ ደወለች። ታላቅ እህቴ ከውጭ ስትደውል ወይ ሰው ሞቷል ወይ ምክር አላት። ዛሬ ግን ደህና ነገር ይዛለች። እሷ የምትሠራበት ሆቴል ስፌት ክፍል ተቀብሎኛል። ልጄንም ይዤ መሄድ እችላለሁ። "እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልደረስሽ ቦታውን ለሌላ ይሰጡታል። ለሚጡ ፓስፖርት አውጪላት፣ ዛሬ ነገ አትበይ!" አለችኝ። እኔ ነኝ ዛሬ ነገ የምለው? የራሴን ካወጣሁ ቆየሁ እኮ።

ያለ ሚጡ አልሄድም። ለማን ትቻት? ያለ እሷ ከሆነ ሆቴሉም ገደል ይግባ።

የስድስት ዓመት ልጅ ፓስፖርት ማውጣት ደግሞ ምን ይከብዳል...

ጥቅምት 7

ይከብዳል።

ፓስፖርት ቢሮ በር ላይ ጥበቃው ቦርሳዬን በረበረና የመርፌ መያዣዬን አወጣ። "ይሄ ምንድነው?" መርፌ አልኩት። "ምን ያደርግልሻል?" ...መርፌ ምን ያደርጋል ይባላል? እንደዚህ ዓይነቱን ነው በር ላይ የሚያቆሙት።

መስኮቱ ላይ ያለችው ደግሞ ማስቲካ ታኝካለች። ያመጣሁትን ወረቀት ዞር ብላም አላየችው።

"አባትየውስ?"

"አብረን አይደለንም።"

"እሱን አልጠየቅኩሽም። በአካል ቀርቦ ካልፈረመ አይሆንም።"

"እኔ ወልጄ፣ እኔ አሳድጌ?"

"ቀጣይ!"

ኮሌታዋ በአንድ በኩል ተገልብጧል። ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሆና ስትውል አንድ የሚነግራት ሰው የለም። እኔም አልነገርኳት። ደግ አደረግኩ።

ጥቅምት 8

ለጌታው ደወልኩ። አያነሳም። ጌታው ማለት የሚጡ አባት ነው። ስም አለው፣ ግን ስሙን እየጻፍኩ ቀለሜን አላባክንም።

ጥቅምት 10

አነሳ! "ውይ፣ ጠፋሽ እኮ!" ይለኛል። እኔ ነኝ የጠፋሁት? ልጁን ካያት ክረምት ገብቶ ወጣ። መኪና ይደልላል፣ ሁልጊዜ "ስብሰባ ላይ ነኝ" ነው። የምን ስብሰባ? ሁለት ደላላ ኮፈን ከፍተው ሲጨቃጨቁ ስብሰባ ሆነ እንግዲህ።

ለሚጡ ፓስፖርት ፊርማህ ያስፈልጋል አልኩት። በስልክ ሌላ ነገር አላልኩም። ሐሙስ እመጣለሁ አለ።

ጥቅምት 13

እንቢ ቢለኝስ?

ሥራ ቦታ ቆራጩን አማከርኩት። ጨርቅ ሲቆርጥ ቀና ብሎ አያወራም። "ልጄን ከአገር አታስወጪብኝም ካለሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አለኝ።

"ይሞክራታ!"

"መብቱ ነው እኮ።"

መብቱ! ትኩሳት ሲያንቀጠቅጣት የት ነበር መብቱ? ጫማ ሲጠባትስ? ግን ቆራጩ ልክ ነው፣ ያ ነው ያናደደኝ። አንዲት "እንቢ" በቂ ናት፣ ሁላችንም እዚሁ እንቀራለን። የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ስከራከር ዋልኩ። የት ልትወስጃት ነው ይላል... እህቴ ዘንድ ነው እላለሁ። መቼ አገኛታለሁ ይላል... አንተ መቼ ፈልገሃት ታውቃለህ እላለሁ። ቆራጩ "ከማን ጋር ነው የምታወሪው?" ብሎ ሳቀብኝ።

ጥቅምት 14

ለፓስፖርቱ ፎቶ ለሚጡ ቀሚስ ሰፋሁላት። ነጭ፣ ኮሌታዋ ክብ፣ ደረቷ ላይ ሽንሽን። በዚያ ቢሮ ቀሚስ ምን እንደሆነ ይዩ። ቆራጩ እንኳ፣ ምስጋና የማይወጣው ሰው፣ "አምሮባታል" አለ።

ጥቅምት 16

እንዳለ ልጻፈው።

ጌታው ፓስፖርት ቢሮ ዘግይቶ መጣ። ቤት ውስጥ ጥቁር መነጽር። ሚጡ ሮጣ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። "አደግሽ እኮ!" አላት ተገርሞ። ልጅ ያድጋል፣ ጌታው! ቀድመን ልንነግርህ ይገባ ነበር።

ፎቶ አንሺው ልጅቷን አየ፣ እኔን አየ። "ይሄ አይሆንም። ጀርባው ነጭ፣ ቀሚሷ ነጭ። ጭንቅላቷ ብቻ ነው የሚወጣው። ጠቆር ያለ ነገር አልብሷት፣ ያለዚያ በሌላ ቀን።"

ነጭ በነጭ! ዕድሜዬን ከጨርቅ ጋር የኖርኩት ሴትዮ! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምናለ። ጌታው ከት ብሎ ሳቀ፣ "አንቺም ትሳሳቻለሽ ለካ!" ከዚያ ሰማያዊ ጃኬቱን አውልቆ አለበሳት። እውነት ለመናገር ፈጠን ብሎ ነው ያወለቀው። እጅጌውን አጠፍኩላት፣ ፎቶ ተነሳች።

ቀጥሎ መስኮቱ። ያቺው ባለ ማስቲካ። "ልጅቷ ከእናቷ ጋር ውጭ አገር ሄዳ እንድትኖር ፈቅደዋል?"

መልሶቼን ሁሉ አፌ ላይ አሰለፍኩ።

"አዎ፣ አዎ። የት ጋ ነው የምፈርመው?"

በቃ። የት አላለም። ለስንት ጊዜ አላለም። ስልኩን በትከሻው ይዞ እያወራ ፈረመ። እስክርቢቶውንም ከእኔ ነው የወሰደው።

ሚጡ ጃኬቱን እንደለበሰች አፍንጫዋን እጅጌው ውስጥ ቀብራ ቆማለች። "የእኔ ቆንጆ፣ በይ ጃኬቴን፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው።" አውልቃ ሰጠችው። ጉንጯን ሳማትና ሄደ። በዚያ ስስ ቀሚስ በሩን እያየች ቀረች።

የፈለግኩት ይሄንኑ አልነበር? ፈረመልኝ። ታዲያ ምን ያንገበግበኛል? እንቢ እንዳይል ስፈራ ከርሜ... አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ፣ "ልጄን የት ልትወስጃት ነው?" ቢል ምን ነበረበት? አንገቱን አንቄ እከራከረው ነበር። ደስ ብሎኝ እከራከረው ነበር።

ጥቅምት 17

እጅጌ ገልብጬ ገጠምኩ። ፈታሁ። እንደገና ገልብጬ ገጠምኩ።

ኅዳር 4

"ፓስፖርትዎ ደርሷል" የሚል መልእክት በስልኬ መጣ። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። "ሲስተም የለም፣ ነገ ነይ።" ሲስተም ከሌለ መልእክቱን ማን ላከው? ሰይጣን?

ኅዳር 5

ተቀበልን። ባለ ማስቲካዋ ለሚጡ "መልካም ጉዞ" አለቻት። እሷም ደግ አፍ አላት ለካ።

ሚጡ አውቶብስ ውስጥ ፓስፖርቷን አገላብጣ አገላብጣ፣ "እማዬ፣ አባዬ ባይፈርም ኖሮ አንሄድም ነበር?" አለችኝ።

"አንሄድም ነበር።"

"እሱ ያውቅ ነበር?"

"ያውቅ ነበር።"

በመስኮቱ ወደ ውጭ ስታይ ቆየችና፣ "ታዲያ ለምን ፈረመ?"

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ስድብ፣ እያንዳንዱ የሚገባው። አፌን ከፈትኩ።

"ስለሚወድሽ ነው" አልኳት። "አንቺ ደስ እንዲልሽ ብሎ ነው እንጂ በጣም ከብዶት ነበር።"

"አለቀሰ?"

"ትንሽ።"

እፎይ ብላ ጭኔ ላይ ተኛች።

እኔ! ለዚያ ሰው! ሚስቱ ሳለሁ እንኳ እንደዚህ ጠበቃ ሆኜለት አላውቅም።

ነገ ትኬት እቆርጣለሁ። እዚያም ሄደን ትጠይቀኛለች፣ አውቃታለሁ፣ ነገር አትረሳም። በጠየቀችኝ ቁጥር እንዲሁ እዋሻለሁ።