የቡሽራ ዕድሜ

ጎንደር፣ መጋቢት 14 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለቡሽራ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የኢስታንቡል ብርድ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሁለት ካልሲ ደርበህ ነው የምትተኛው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። እናትህ ፈህሚያ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ጨርቅ ሊያመጣ ወደዚያ የሚሄደው ዐብዱረሕማን ነው። በስልክ እንዳልነግርህ መስመሩ እየተቆራረጠ ግማሹን ብቻ ትሰማለህ፤ ግማሽ ወሬ ያመጣብንን ደግሞ አይተናል።

ያን የፌስቡክ ነገር እኔም አይቼዋለሁ። ክለብህ እስኪያጣራ ድረስ ከሜዳ እንዳቆየህ፣ እስከ ወሩ መጨረሻም ማብራሪያ እንደጠየቀህ እህትህ ሰልማ ነገረችኝ። ሦስት ቀን አለቀሰች። አምና «ወንድሜ ትንሽ ሳለ» ብላ የአንደኛ ክፍል ካርድህን የለጠፈችው እሷ ናታ! አንድ የፌስቡክ ገጽ የከፈቱ ሰዎችም ካርዱን አንስተው «በ1990 የተወለደው ተጫዋች ፓስፖርቱ ላይ 1998 አስጻፈ! ስምንት ዓመት ሰረቀ! የሃያ ሰባት ዓመት ጎልማሳ ከሃያ ዓመት በታች ልጆች ጋር ይጫወታል!» አሉ።

ገጹ የባለቤት ስም የለው፣ አድራሻ የለው። ፈረንጅ ቢያጋራው ባልገረመኝ፤ የእኛን ዘመን ከየት ያውቃል? ያናደደኝ የዚሁ የጎንደር አራዳ ሰው ነው። መስከረም ላይ ዓመት የሚቀይር ሕዝብ፣ የእኛ ጥር 1990 በፈረንጅ 1998 መሆኑን በጣቱ መቁጠር አቅቶት «ያሳፍራል» እያለ ሲያጋራ ዋለ። ወሬ ሲነግሩህ ሀሳብ ጨምርበት ይባል የለ! እኔ አንድ ጣቃ ጨርቅ ስገዛ እንኳ ክሩን መዝዤ በክብሪት ሳልለኩስ ጥጥ ነው ቢሉኝ አላምንም።

ታዲያ ሱቄ የገባውን ሁሉ ግድግዳው ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ እያሳየሁ አስተማርኩ። አንዳንዱ አፍሮ ያጋራውን አጠፋ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምረው የኮሶዬ አገር ልጅ ምስጋናውም ለክለብህ በእንግሊዝኛ ማብራሪያ ልጻፍ ብሎ መጣ። ሁለቱን ዘመን አስተያይቶ ሲጨርስ ሳቀ።

«አያ ዐብዱልከሪም፣ ይሄማ ሸጋ ነው፤ ውሸታቸው በአንድ ገጽ ያልቃል። ብቻ ሌላ የቆየ ማስረጃ ቢኖር አፋቸው ጨርሶ ይዘጋ ነበር። አባትዎ የልጆቹን ልደት የጻፉበት ነገር የለም?»

«የለም» አልኩት።

«ምነው? ሼህ ጃቢር ያን ያህል ጽሑፍ የሚወዱ ሰው...»

«የለም አልኩህ እኮ!»

ደነገጠ። የጻፈውን ወረቀት ትቶልኝ ሄደ።

አለ፣ ልጄ። አያትህ በቁርኣናቸው የመጨረሻ ቅጠል ላይ በገዛ እጃቸው ጽፈውታል፦ «ቡሽራ፣ ረመዳን 3 ቀን 1416 ሂጅራ»። ይህ በእኛ አቆጣጠር ጥር 1988 ነው። 1990 አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰባት ዓመት ሞልቶህ ትምህርት ቤት ልትገባ ስትል ሳንባህን ታመምህ፤ ሁለት ዓመት ከአልጋና ከሆስፒታል አልወጣህም። ስትድን ዘጠኝ ሞልቶህ የስድስት ዓመት ልጅ ታክል ነበር። ልጆቹ «ሽማግሌ» እያሉ እንዳይስቁብህ ፈራሁና መዝጋቢዋን «ሰባት ዓመቱ ነው» አልኳት። ቁመትህን አይታ አመነችኝ። እኛ ቤት ልደት አይከበር፤ አንተም ሰባት ነኝ እያልክ አደግህ። እናትህ «ይሄ ነገር ይስተካከል» ብትለኝ «ማንን ይጎዳል?» አልኳት። ያኔ ኳስ ተጫዋች እንደምትሆን በምን ልወቅ! ፓስፖርትህ ሲወጣ ግን ዐውቅ ነበር። ያን ጊዜ ዝም ማለቴ ከመጀመሪያው ይብሳል፤ በዚህ አፍራለሁ።

ስለዚህ ስምንቱ ዓመት ውሸት ነው። ሁለቱ ግን እውነት ነው፤ ያደረግሁትም እኔ ነኝ። ምስጋናው መጀመሪያ የጻፈውን ወረቀት ብልክልህ ሁሉም አምኖ ዝም ይል ነበር፤ አንተም ትጫወት ነበር። ትናንት እሱ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁትና ቁርኣኑን አሳየሁት። የመጀመሪያውን ወረቀት ቀደደና ሌላ ጻፈ፤ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አስገብቶ አስፈረመኝ። ከቁርኣኑ ቅጠል ፎቶ ጋር ፖስታው ውስጥ ታገኘዋለህ።

ብትሰጣቸው ከሃያ ዓመት በታቹ ቡድን እንደምትወጣ ዐውቃለሁ። ምናልባት ከዚያም የባሰ ይመጣ ይሆናል። ስጥ ብዬ አላዝህም፤ በዚህ ጉዳይ የማዘዝ አፍ የለኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበልህ። እስከ ዛሬ «ዕድሜዬ ትክክል ነው» ያልከው ሳታውቅ ነው፤ አላህም ሰውም አይጠይቅህም። ይህን ደብዳቤ ካነበብህ በኋላ ግን ታውቃለህ።

እናትህ ሰላም ብላሃለች። ሰልማን አትቆጣት፤ የእሷ ጥፋት አንድ ፎቶ ነው። እኔን ግን የፈለግኸውን ያህል ተቆጣኝ፤ ብቻ ስልክህን አትዝጋብኝ።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፤ እኔ የቀነስኩብህንም ጨምሮ ይስጥህ።

አባትህ
ዐብዱልከሪም ጃቢር