ዳገት ላይ የምትዘል መኪና

ማክሰኞ፣ ጥር 7 ቀን 2011

ዛሬም ዘለለች።

ዶርቃስን ከምትሠራበት ከጉደር ጤና ጣቢያ ወደ ቤቷ ሳደርሳት፣ የቤታቸው ዳገት ሥር ነዳጅ ረገጥ ባደርግ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን ዱብ ዱብ ዱብ... ጥርሴ ተንቀጫቀጨ። ዶርቃስ የመድኃኒት ካርቶኗን አቅፋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ለሊሳ፣ መኪና አለኝ አልከኝ እንጂ ፈረስ አለኝ መቼ አልከኝ?»

አባቴ ትቶልን የሄደው አሮጌ ፒክአፕ ነው። እሱ ሲነዳት አንድ ቀን ዘላ አታውቅም። እኔን ንቃኝ ይሆን? ቀስ ብዬ ስነሳ ደህና ናት። ጭነት ካላትም ደህና ናት። ባዶዋን ዳገት ላይ ስረግጣት ብቻ... እኔ ደግሞ እግሬ አያርፍም። ቀኑን ሙሉ አምቦ መሬት አስተዳደር ቢሮ ፋይል ሲያገላብጥ የሚውል ሰው መሪ ሲይዝ ምን ይሁን?

አንድ ነገር ግን ተሳክቶልኛል። ኅዳር ላይ ከኋላ ባሌስትራዋ፣ አካሏን ከሚሸከሙት ተደራራቢ ብረቶች፣ አንዱን አስወጥቼ አለስልሻታለሁ። እማዬ ጊንጪ ደርሳ ስትመለስ አንዴም «ወገቤን» አላለችም። የዓመቱ ምርጥ ሥራዬ።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ሁለት ጆንያ አሸዋ ኋላዋ ላይ ጫንኩባት። ጭጭ አለች። ጋራዥ ምን ያደርግልኛል?

ዓርብ፣ ጥር 24

ነገ ሽማግሌ ይሄድልኛል። የአባቴ ወንድም ኦቦ ሂርጳ ከሁለት የቤተክርስቲያን ሽማግሌዎች ጋር። የዶርቃስን አባት፣ ኦቦ ገቢሳን፣ ልጅህን ለልጃችን ሊሏቸው።

በወጉ እኔ ድርሽ ማለት የለብኝም። ግን መኪናው የእኔ፣ የሚነዳውም እኔ። ኦቦ ሂርጳ አስጠነቀቁኝ። «በሩ ላይ ታወርደናለህ። ከዚያ አንተ ሹፌር ነህ። ሹፌር አያወራም።»

ዶርቃስ ደወለች። «አባዬ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ሰው የሚመዝነው በአነዳዱ ነው። ቀስ በል፣ እሺ?»

እሺ አልኳት። መኪናዋን አጥቤ አበራኋት። አሸዋውንም አወረድኩት። የተከበሩ ሽማግሌዎች በአሸዋ ጆንያ ታጅበው ይሄዳሉ እንዴ?

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ምነው እጄን በቆረጠው...

ማለዳ ደረስን። ዳገቱ መሃል አንዲት ላም መንገድ ዘግታ ቆመች። ቆምኩ። ላሚቱ ተነሣች፣ እኔም ተነሣሁ... በደንብ ረገጥኩ። ዱብ ዱብ ዱብ፣ እስከ በሩ ድረስ። የኦቦ ሂርጳ ባርኔጣ ጉልበታቸው ላይ ወደቀ። አንደኛው ሽማግሌ «ኢየሱስ» አሉ። ቀና ብል ኦቦ ገቢሳ በሩ ላይ ቆመው ያዩኛል። ጎማውን ነው ያዩት። ቀጥሎ እኔን።

«አካም ቡልታኒ፣ እንዴት አደራችሁ፣ ግቡ» አሏቸው ሽማግሌዎቹን። «ሹፌሩ እዚያው ይጠብቅ።»

አንድ ሰዓት ጠበቅሁ። አንድ ሰዓት እንዲህ ረጅም ነው?

ኦቦ ሂርጳ ሲወጡ ፊታቸው አይነበብም። መልሱን ጉደርን ከለቀቅን በኋላ ነገሩኝ። «ስለ ልጅቷ ገቢሳ መልስ አልሰጠንም። ሹፌሩ ማነው አለን። ልጁ ራሱ ነው አልነው። እንግዲያው በሳምንቱ መኪናዋን ይዞ ብቻውን ይምጣ አለ።»

ብቻውን? ሽማግሌ ሳይዝ የሚጠራ አማች ተሰምቶ ያውቃል?

«እኛ ጌታን ያመንን ሰዎች ነን። ሚልኪ፣ ገድ ምናምን አናውቅም» አሉ። ቀጠሉ፦ «ግን በሩ ላይ መዝለሏ ደስ አላለኝም።»

ሰኞ፣ ጥር 27

ዶርቃስ «አባዬ ምሳውን እየበላ ብቻውን ይስቃል» አለችኝ። በእኔ ነው? ለደግ ነው? እሷም አታውቅም። ድምጿ ግን ፈርቷል። እኔም ፈርቻለሁ። እሷን ባጣስ? በዱብ ዱብ?

ቅዳሜ፣ የካቲት 2

ሁሉንም ልጻፈው፣ እንዳልረሳው።

ፈሪ ነኝና አሸዋውን መልሼ ጭኜ ሄድኩ። ዳገቱን እንደ ሙሽራ ቀስ ብላ ወጣችው። ኦቦ ገቢሳ ኋላዋን ዞረው አዩ። «ቤት ልትሠራ ነው?»

«አይ... አሸዋው...»

«አውርደው።»

አወረድኩት። ሸሚዜ ሁሉ አሸዋ ሆነ። «አሁን ወደ ታች ውረድና እንደዚያን ቀን አድርገህ ውጣ» አሉኝ። ወጣሁ። ዘለለች። ዶርቃስ በመስኮት እያየች አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

ኦቦ ገቢሳ ኮታቸውን አውልቀው በዚያ ዕድሜያቸው መኪናዋ ሥር ገቡ። ከሥር ድምፃቸው መጣ። «ከዚህ ባሌስትራ አንድ ብረት ጎድሏል። የትኛው ሌባ ነው የወሰደው?»

«እኔ ነኝ ያስወጣሁት።»

«ለምን?»

«እናቴ ወገቧን ያማታል። ስትንገጫገጭ ታለቅሳለች። እንዲለሰልስላት ብዬ ነው።»

ከሥር ወጥተው አቧራቸውን አራገፉ። በመዳፋቸው አሳዩኝ፦ ነዳጅ ስረግጥ የኋላው አክስል፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ብረት፣ መጠምዘዝ ይፈልጋል። ባሌስትራው ጠንካራ ከሆነ ይዞ ያስቀረዋል። ከሳሳ አብሮ ይጠማዘዝና ይመለሳል፣ ይጠማዘዝና ይመለሳል... ዝላዩ ይሄ ነው። ጭነት ሲኖር ጎማው መሬቱን ስለሚጫን አይታይም።

«ለእናትህ መቀመጫውን አለስልስላት። ብረቱን መልስ። እግርህንም ቀስ ማለት አስተምረው።» ሄድ ካሉ በኋላ ዘወር አሉ። «በሳምንቱ ሽማግሌዎችህን አምጣ።»

ይሄ እሺታ ነው? እምቢታስ እንዲህ ይባላል? አላውቅም። ብቻ እስከ አምቦ ስዘፍን መጣሁ።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ብረቱን ፍለጋ ቤቱን አተራመስኩት። ለካ እማዬ የዶሮ ቤቱን በር ደግፋበታለች። «ለወገቤ የማይሆን ከሆነ ለዶሮዎቼ ሆኗል» ትላለች። በድንጋይ ቀየርኩላት። ከሰዓት ጋራዥ ገባን፣ ብረቱም ቦታው ገባ። ባዶዋን ዳገት ላይ በደንብ ረገጥኳት... ምንም። እማዬ ግን ስትሳፈርባት ገና ከግቢ ሳንወጣ «ወገቤን» አለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነው የምጽፈው። ከደስታ ነው።

ሦስቱን ሽማግሌዎች ይዤ ወጣሁ። አሸዋ የለም። ያቺው ላም ያው ቦታ ቆማለች፣ እግዜር ይስጣት። ቆምኩ፣ ተነሣሁ። ጸጥ። ኦቦ ሂርጳ ባርኔጣቸውን በሁለት እጅ ይዘው ነበር፣ ለቀቁት።

ኦቦ ገቢሳ በሩ ላይ ጆሯቸውን አዘንብለው ይሰማሉ። መኪናዋን ውጭ ላቆም ስል የግቢውን በር ሁለቱንም ክፋይ ከፈቱት። መጀመሪያ አልገባኝም። «ኮቱ፣ ኢልማ ኮ፣ ሴኒ» አሉኝ።

ባለፈው ሹፌሩ ነበርኩ። ዛሬ ልጄ፣ ና ግባ። ኦቦ ሂርጳ እንኳን ንግግራቸውን ሳይጀምሩ ነገሩ በእሺታ አለቀ። ዶርቃስ ጓዳ ሆና ስታለቅስ ይሰማኛል... ወይስ ስትስቅ? ሁለቱንም ነው አለችኝ በኋላ።

ልንሄድ ስንል ኦቦ ገቢሳ አንድ ያረጀ ትራስ ይዘው ወጡ። ሽፋኑ የተጣፈ፣ መሃሉ የጎደጎደ። ሠላሳ ዓመት መሪ ላይ የተቀመጡበት ነው። «ለእናትህ ነው። የሠርግ ቀን ስንቆርጥ በዚህ ላይ ተቀምጣ ትምጣ።»

ማታ እማዬን ትራሱ ላይ አስቀምጬ አምቦን አንድ ዙር ዞርኩ። የፈረሰው መንገድ ላይ ጆሮዬን ጥዬ ጠበቅሁ። ወገቤን አላለችም። «እኚህ ሰው ደግ ናቸው» ብቻ አለች።

ቤት ስንደርስ ትራሱን ከመኪናዋ አውርዳ አቅፋው ገባች።