አድራሻውን ወደ ስሜ አታዛውረው

ለተወደድከው ወንድሜ ለዊራትሞ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የጉልበትህ ሕመም በሶሮንግ ዝናብ አልተነሣብህም? ሰርያቲስ እንዴት ናት? ልጅህ ላራስ የዩኒቨርሲቲ ፈተናዋን ጨርሳ አረፈች? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔ ብቻ ከቀትር በኋላ ማንበብ ይሰለቸዋል። የሰማራንግ ታችኛው ሰፈር እንደ ልማዱ ውኃ ገብቶበታል፤ እኛ ዘንድ ግን አልደረሰም።

የብስኩት ፋብሪካው ደብዳቤ እንደላከልህ፣ «እህትዎ እሺ ብለዋል» የሚልም እንዳለበት ጽፈህልኛል። አልተስማማሁም። ነገሩን ከመነሻው ላስረዳህ።

የተማሪዎቼን ድርሰት የማኖርበትን ድረ ገጽ የዛሬ አሥራ አራት ዓመት በስምህ አስመዝግበህልኛል። «ኩንቹፕ» (እምቡጥ) የሚለው ስም በአዲሱ አጻጻፍ ተይዞ ስለነበር፣ አባታችን በድሮው አጻጻፍ ይጽፍ እንደነበረው አንዷን «ቹ» በአራት የላቲን ፊደል ጻፍናት። ፋብሪካው አምና ስሙን ሲለውጥ የቆየ ቤት ለመምሰል ይህንኑ አጻጻፍ መረጠ። የንግድ ምልክቱን አስመዘገበ፤ ጣሳው ላይ አሳተመ፤ የድረ ገጹ አድራሻ በእኛ መያዙን ያየው ከዚያ በኋላ ነው። ጥያቄውን ሳያነቡ መልስ የሚጽፉ ልጆችን ሠላሳ አንድ ዓመት ስላረምኩ አልገረመኝም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠበቃቸው አንድ ጣሳ ብስኩት ይዞ ከጃካርታ መጣ። «እትዬ፣ ስሙ እኮ የእኛ ነው» አለኝ። እሺ አልኩት። «ድረ ገጹ ላይ ያለው ጥርሷ ስለወለቀ ልጅ ነው። ይህን አሁን ማን ያነበዋል?» እሺ። «በራስዎ ስም ያድርጉትና እዚሁ እንጨርሰው፤ ወንድምዎን ባሕር ማዶ ምን ያደክሙታል?» እሺ ብዬ ሻይ ጨመርኩለት። የሰማራንግ ሰው ቢሆን ሦስት ጊዜ እሺ ብቻ ሲባል በጨዋ ደንብ እምቢ መባሉ ገብቶት ተነሥቶ ይሄድ ነበር። እሱ ግን ማግስቱን «በተስማማነው መሠረት» የሚል ደብዳቤ ላከ። በቀይ አርሜ መለስኩለት። የገዛ ስማቸውን ሁለት ቦታ በአዲሱ አጻጻፍ ጽፈውታል።

ብስኩት ላይ ስሙ የእነሱ ነው፤ አልክድም። ጎረቤቴ ሙርዊያ የምትጠብሰውን የሽሪምፕ ቺፕስ በድረ ገጹ እንዳስተዋውቅላት ስትጠይቀኝ እምቢ ያልኳት ለዚህ ነው። «አንቺ ደግሞ ብስኩት መፍራት ጀመርሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ምግብ ብሸጥበት መብታቸውን እነካለሁ። ምንም የማይሸጥበትን፣ ከምልክታቸው በፊትም በቅን ልብ የተመዘገበውን አድራሻ ግን ምልክቱ ብቻውን አይወስደውም።

አሁን ወደ አንተ ሐሳብ ልምጣ። «እትዬ፣ ወደ ስምሽ ላዛውረውና ተገላገዪ» ብለሃል። ለእኔ አስበህ ነው፤ ግን አታዛውረው። ወደ እኔ የተላለፈበት ቀን እንደ አዲስ ምዝገባ ሊቆጠር ይችላል። ያን ጊዜ አሥራ አራቱ ዓመት ይቀርና ከእነሱ ኋላ የመጣሁት እኔ እሆናለሁ። ጠበቃው ይህን ሳያውቅ የመከረኝ አይመስለኝም።

ስለዚህ ምንም አትፈርም። ምዝገባውንም ማርች 17 ሳያልፍ አድሰው። አምና ዘጠኝ ቀን አሳልፈሃል። ዘንድሮ ብታሳልፍ አድራሻውን ለመውሰድ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ ከላይ የጻፍኩት ሁሉ አንድ ቀን በመርሳት ዋጋ ያጣል።

ለሰርያቲ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አማትህንም ጆሯቸው እንዴት እንደሆነ ጠይቅልኝ። ለላራስ ደግሞ፣ ጥርሷ የወለቀ ቀን የጻፈችው ድርሰት ዛሬም ከላይ ሦስተኛው ላይ እንዳለ ንገራት። አንድ አራት ነጥብ ጎድሎታል። ያላረምኩት እሱን ብቻ ነው።

እህትህ ረትናኒንግሲህ
ሰማራንግ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2019