ሆስፒታል ስናጭልሽ

ውድ ስመኝ፣

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ አልጀምርም፤ ይህ ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች ስለ ጤናሽ ነው። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያመዋል፣ ሠርግ ቤት ሲሆን ግን ይረሳዋል። በርሽ ላይ የተከልሽው ሎሚ ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቷል። ከሰፈሩ ሕጻናት ጋር እየተጣላሁ እጠብቅልሻለሁ።

ይህን ደብዳቤ የሚያነብልሽ ማን እንደሆነም አውቃለሁ። ዓይንሽ ፊደል መልቀም ካቃተው ወዲህ እጅሽ የሚገባው ወረቀት ሁሉ የሚነበበው በትንሳኤ አፍ ነው። ስለዚህ ትንሳኤዬ፣ አንቺም ስሚ። መስመር እንዳትዘልዪ። እናትሽ የምትስቅበት ቦታ ሲደርስ ስቃ እንድትጨርስ ጠብቂያት፣ ስለ አንቺ የማወራበት ሲደርስም ድምፅሽን አታሳንሺ። ስልኩን ትቼ ብዕር ያነሳሁት ሦስታችን ስናወራ ሦስታችንም እኩል ስለምንናገር ነው። እዚህ ላይ ማንም አያቋርጠኝም፣ ደስ ሲል።

ለፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ልል ስደውል ያልሽኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ሐዋሳ ጥሩ አገር ነው፣ ሐይቁም አለ፣ ጎረቤቱም ደግ ነው፣ ግን የምጣላው ሰው የለኝም አልሽኝ። ስልኩ ላይ ሳቅኩ፣ ከዘጋሁት በኋላ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እኔስ ብትይ! አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ማንን እቆጣለሁ? ዶሮዎቹን ነው የምቆጣው፣ እነሱም ለመዱኝ።

ያን ዕለት ትንሳኤ ስልኩን ካንቺ ተቀብላ የተናገረችውን ደግሞ አንቺ አልሰማሽም ይሆናል። በትሕትና ነው ያናገረችኝ፣ ልጅ ወልደሻል። «እማ ሸሪፋ፣ ደስ እንዲላት እኔም እፈልጋለሁ» አለችኝ። «ግን ስኳር አለባት፣ ደም ብዛት አለባት። እዚያ ሄዳ አንድ ነገር ብትሆን ማን ይጠየቃል?» ደንበኛ ሕክምና የምታገኝበትን መንገድ ካገኘሽ ግን ራሴ ይዣት እመጣለሁ ብላ ቃል ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ አገኘሁ፦ አንቺን አገርሽ የሚያስገባ ሕክምና መፈለግ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ አንድ የግል ሆስፒታል ተከፍቷል። አንዱ ቅርንጫፉ እኛው ኮምቦልቻ፣ ሌላው ደሴ ፒያሳ። ሐኪሙም፣ ላቦራቶሪውም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ መድህኑም የራሱ ነው። የዓመት መዋጮ ትከፍያለሽ፣ ከዚያ ስትታመሚ ኪስሽን አትዳብሺም። አረንጓዴና ወርቃማ የሚባሉ ሁለት ካርዶች አሉት። ይህን ሁሉ ያስረዳን ዘካሪያ የሚባል የሆስፒታሉ አስተዋዋቂ ነው። የቅሬያችን ስብሰባ ላይ መጣ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ። ቅሬ የሚደርስልን ስንሞት ነው፣ እኔ ደግሞ ሳትሞቱ ልድረስላችሁ ሲል ሁላችንም ሳቅን፣ ግን ጆሯችንን ሰጠነው።

ያደለን ወረቀት ላይ ሁለት ባልና ሚስት ሽማግሌዎች ይስቃሉ፤ ጥርሳቸው አንድም አልጎደለ። በዚህ ዕድሜ እንደዚያ የሚስቅ ሰው የማውቀው አንቺን ብቻ ነው፣ አንቺም ጥርስሽ ሙሉ አይደለም። ወረቀቱን አገላብጬ አነበብኩት። ሁሉም ነገር ጥሩ ጥሩ ነው። ይሄኔ ነው የተጠራጠርኩት። ለልጃችን ባል ስንፈልግ የልጁን ፎቶ አይተን ነው እንዴ የምንድረው? እናጣራለን እንጂ! አመሉ እንዴት ነው፣ ቤተሰቡ ማን ነው፣ ሲከፋው ምን ያደርጋል እንላለን።

ስለዚህ አያ በሺርንና ጋሽ ደምመላሽን ጠራኋቸው። የዚህን ሰፈር ትዳር ሁሉ፣ የሙስሊሙንም የክርስቲያኑንም፣ ሁለቱ ተያይዘው ሲያጣሩ እንደኖሩ ታውቂያለሽ። ነገር አለኝ፣ የምታጣሩልኝ ቤት አለ አልኳቸው። የምትዳረው ማን ናት ሲሉኝ ስመኝ ናት አልኩ። ጋሽ ደምመላሽ ክው አሉ፣ በዚህ ዕድሜዋ ብለው ወደ ሰማይ አዩ። የምትዳሪው ለሆስፒታል እንደሆነ እስካስረዳቸው ድረስ አያ በሺር ሙሽራው ማን ይሆን እያሉ የሰፈሩን ሽማግሌ በሙሉ በልባቸው ሲቆጥሩ ነበር። አትሳቂ፣ አንድ ሁለቱ ላይ ቆም ብለው አስበዋል።

በማግስቱ ሄዱ። አያ በሺር ጥምጣማቸውን አሰሩ፣ ጋሽ ደምመላሽ ያን የሠርግ ኮታቸውን ለበሱ። ጋሽ ደምመላሽ ቤት ሲያጣሩ ሁልጊዜ ከሠራተኛው ነው የሚጀምሩት። ዘበኛውን አገሩ የት እንደሆነ፣ ደመወዙ በሰዓቱ ይደርሰው እንደሆነ ጠየቁት። ከዚያ ጽዳቷን። ከዚያ መድኃኒት ቤት ገብተው፣ መድኃኒት ያለቀ ቀን በሽተኛውን ምን ትሉታላችሁ አሉ። ሆስፒታሉ ተረበሸ። ከበላይ የመጡ ተቆጣጣሪዎች መሰሏቸዋ! ወለሉ እንደገና ተወለወለ፣ ሻይ በብስኩት መጣ። ሁለቱ ደግሞ የሙሽራዋ ወገን ሲመጣ ደንቡ እንዲህ ነው ብለው ሻያቸውን ጠጡ። በመጨረሻ ሥራ አስኪያጁ ነጭ ካፖርቱን እየቆለፈ ወጣና ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጡ በአክብሮት ጠየቃቸው።

አያ በሺር «ከልጅቷ ቤት ነን» አሉት።

ሰውየው አብሯቸው ተቀመጠ።

ነውሩን ያወጡት ግን ከሱ አይደለም፣ ወረፋ ከምትጠብቅ ከአንዲት ሴት ነው። ሴትዮዋ እንደ አንቺው የስኳር በሽተኛ ናት። ካርድ ከማውጣትሽ በፊት የነበረብሽን በሽታ መድህኑ የሚሸፍነው ግማሽ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው አለቻቸው። ዘካሪያ ተጠራ። ወረቀቱ ላይ ተጽፏል አለ። እውነቱን ነው፣ ተጽፏል፤ ከታች፣ የትንኝ እግር በሚያህል ፊደል። ጋሽ ደምመላሽ ተቆጡ። ነውር ካለ ገና ሲገባ በሙሉ ድምፅ ነው የሚነገረው አሉት። ልጁ አንገቱን ደፋ። የአልብኮ ሰው ልጅ ነው፣ አያቱን አያ በሺር ያውቋቸዋል፣ እና ይሄ ደግሞ የባሰ አሳፈረው። ከዚያ በኋላ የጠየቁትን ሁሉ ሳይሸሽግ ነገራቸው።

ወርቃማው ነርስ ቤት ድረስ ይልካል፣ ዓይንም ያያል፣ ግን ከነሱ ሐኪም ውጭ ከታከምሽ አይከፍልም። አረንጓዴው ዓይን የለውም፣ ነገር ግን በየወሩ ምርመራ፣ ላቦራቶሪና መድኃኒት አለው። ባንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎችም ባንድ ካርድ መግባት ይችላሉ።

ሁለቱ ሊወጡ ተነሱና፣ እንደ ልማዳቸው፣ ዋሱ ማን ነው ብለው ጠየቁ። ልጅቷ ብትበደል የምንጠይቀው ሰው ይጠራልን አሉ። ሥራ አስኪያጁ መሳቅ ጀምሮ ሳይስቁ ሲያያቸው ተወው። የመለሰላቸው ዘካሪያ ነው።

«አባቶቼ፣ እኛ እናክማለን» አላቸው። «ቀጠሮዋን እንዳትረሳ፣ እግሯ እንዳይቆስል የሚያይላት ግን እዚህ የለም። ዋስ የሚሆነው አብሯት የሚኖር ሰው ነው።»

ሎሚሽ ሥር ቁጭ ብለው ይህን ነገሩኝ። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ልጆቹ ምግባር አላቸው፣ ትንሽ ይኮራል፣ ግን ዋስ ስለሌለው አንድርም አሉ። አንድርም ካሉ አይድሩም፣ ታውቂያቸዋለሽ። ምዝገባው ሰኔ ሲያልቅ ይዘጋል። እኔ አንቺን በዓይኔ እያየሁ ያጣሁሽ መሰለኝ።

ቢሆንም እልኸኛ ነኝ። ጉልበቴን ኮምቦልቻው ቅርንጫፍ ታይቼ ነበርና፣ ደሴ ያለውን ደግሞ ራሴ ልፈትነው ብዬ በሚኒባስ ወጣሁ። ደሴ ያው ደሴ ነው፣ ከመኪና ስወርድ ብርዱ ተቀበለኝ። ፒያሳ ያለችው ሐኪም ትንሽ ልጅ ናት። ገና አፌን ሳልከፍት ኮምፒውተሯን አየችና፣ ኮምቦልቻ የታዘዘልዎትን ጨረሱ ወይ አለችኝ። ጨርሼ ሌላ የሕመም ማስታገሻ ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ እየወሰድኩ ነበር። ስነግራት ከደም ብዛት መድኃኒቴ ጋር እንደማይስማማ አስረድታ አስጣለችኝ። ስመኝ፣ ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። አንዱ ጋ የሰጡሽን መድኃኒት ሌላው ጋ ሳያውቁ ደግመው ሰጥተውሽ፣ የሠራንበት የክር ፋብሪካ በር ላይ ተዝለፍልፈሽ የወደቅሽበት ቀን። በእጄ ላይ ነበር የወደቅሽው። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ኮምቦልቻ የነገርሽውን ደሴ የሚያውቅ ሆስፒታል ቢኖር ኖሮ አትወድቂም ነበር። ልቤ እዚያው ወሰነ።

ወደ መኪና ስመለስ ሰኞ ገበያ ገባሁ። ሰዉ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ነው፣ አንዱ ሲገፋኝ አንዱ ይቅርታ ይለኛል። እዚያ ግፊያ መሃል ቆሜ የአልጋ ልብስ ሳማርጥ፣ የዘካሪያ መልስና የትንሳኤ ጥያቄ አንድ ላይ መጡብኝ። ልጅቷ ማን ይጠየቃል አለች። ልጁ ዋስ አብሯት የሚኖር ሰው ነው አለ። ምኑን ነው ታዲያ ስፈልግ የከረምኩት? ቢጫ አበባ ያለበትን ገዛሁልሽ። ቢጫ አልወድም ካልሽ ተቀይሞ የሚጠብቅሽ ሰው አለ።

እንደገባሁ ሁለቱን ሽማግሌዎች አስጠርቼ ዋስ ተገኝቷል አልኳቸው። ማን ሲሉኝ እኔ ነኝ አልኩ። አያ በሺር መቁጠሪያቸውን ያዝ አድርገው፣ አንቺ በማን ወገን ሆነሽ ነው ዋስ የምትሆኚው አሉኝ። በልጇ በትንሳኤ ወገን አልኩ። ተያዩ። ከዚያ አያ በሺር እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ደምመላሽም አሜን አሉ። ተዳርሽ፣ እልል በይ!

የመረጥኩልሽ አረንጓዴውን ነው። ወርቃማው ከዚያ ከደሴው የዓይን ሐኪምሽ ይለይሻል፣ አንቺ ደግሞ ከሱ በቀር ዓይኔን ማንም አይነካም ባይ ነሽ። ለዓይንሽና ለግማሽ ዓመቱ የስኳር መድኃኒት የመንግሥቱ ጤና መድህን ካርድሽ አለ። አልፎበታል እንዳትዪ። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ በየዓመቱ አሳድሼዋለሁ። አልነገርኩሽም፣ ምን ብዬ እነግርሻለሁ? አትመጪም ብለው ቤትሽን ለሌላ ሰው አከራዩት፣ እኔን ግን ካርድሽን ማሳደስ ማቆም እምቢ አለኝ። አሁን ከእኔ ጋር ባንድ ቤት፣ ባንድ ካርድ ትገቢያለሽ። የጓሮው ክፍል ተለስኗል።

ትንሳኤዬ፣ አሁን ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

አንቺና የኔው ከሊድ ገና ስትጠቡ፣ እናትሽ የጠዋት ፈረቃ ነበረች፣ እኔ የማታ። እሷ ክር ማሽኑ ላይ ስትሆን አንቺን የማጠባሽ እኔ ነበርኩ፣ እኔ ስገባ ከሊድን የምታጠባው እሷ። የሁለታችሁም ጉንጭ አንድ ዓይነት ነበር የሚያብጠው። ስታድጉ ሰዉ ለቀልድ እንዳራቸው ሲል ሼሁ ሰምተው፣ አንድ ጡት የጠቡ ወንድምና እህት ናቸው፣ ይህ በቀልድም አይባልም ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ዋስ ነኝ ስል ጎረቤት ሆኜ አይደለም። ጠዋት ጠዋት እግሯን አያለሁ። የቀጠሮዋ ቀን ብትለምነኝም አልለቃትም። ሻይዋ ውስጥ ስኳር ስትሰርቅ እጇን እመታለሁ፣ ማታ ደውዬ ላንቺ አሳጣታለሁ። ማን ይጠየቃል ብለሽኝ ነበር። እኔ ልጠየቅ። ልጄ፣ እናትሽን ይዘሽ የምትመጪው ወደ እናትሽ ቤት ነው።

ስመኝ፣ ሰኔ ሳያልቅ እቃሽን ሸክፊ። ኮምቦልቻ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ፣ ገና ስትወርጂ የምንጣላበት ነገር አስቤ ጨርሻለሁ። ሎሚው ከዚያ በላይ አይቆይም፣ እኔም አልችልም።

የከሊድና የትንሳኤ እናት፣
ሸሪፋ
ኮምቦልቻ